ማድረቂያ ማሽናችሁ መሀል ቤት ነው? እርጥብ አየሩን እንዲህ አውጡት

ለቡም ሁን አያት፣ ለገጣፎም ሁን ገላን፣ ሰኔ ከገባ በኋላ የልብስ ነገር ያው ነው። ጠዋት ይታጠባል፣ ይሰጣል፣ ከሰዓት ዝናቡ ሲመጣ በሩጫ ይለቀማል። ማታ የሳሎን ወንበር ላይ ይዘረጋል፣ በማግስቱ ይሸታል። ሕፃን ያለበት ቤት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ማድረቂያ ማሽን መግዛት የሚያምረው ያኔ ነው። ማሽኑ ቤት ከገባ በኋላ ግን ሌላ ጥያቄ ይመጣል፤ የት ይቀመጥ? ሻወሩ ጠባብ ነው፣ ኩሽናው ሞልቷል፣ የቀረው መሀል ላይ ያለው ስቶር ነው። ስቶሩ ደግሞ መስኮት የለውም።

7 ኪሎ የጥጥ ልብስ ከማጠቢያው በደንብ ተጨምቆ ቢወጣ እንኳ ከ3 እስከ 4 ሊትር ውሃ ይዞ ነው የሚወጣው። ማድረቂያው ይህን ውሃ የትም አያደርሰውም፤ እንፋሎት አድርጎ በጀርባው ይተፋዋል። መውጫ ካልተሠራለት ግድግዳው ላይ፣ ኮርኒሱ ላይ፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያርፋል። ጥጋጥጉ ይጠቁራል፣ ቀለሙ ይነሳል። ከእንፋሎቱ ጋር የሚወጣው የጨርቅ ብናኝ ደግሞ እሳት የሚይዘው በቀላሉ ነው። ስለዚህ ሥራው ሁለት ነገር ነው፤ እርጥቡን አየር በአጭርና ለስላሳ መንገድ ወደ ውጭ ማድረስ፣ በምትኩም አዲስ አየር ማስገባት። ሁለተኛውን አብዛኛው ሰው ይረሳዋል።

መጀመሪያ የማሽኑን ጀርባ እዩ

ከኋላ ወይም ከጎን 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ክብ ቀዳዳ ካለው አየር የሚያስወጣ ዓይነት ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለእሱ ነው። ቀዳዳ ከሌለውና ውሃ የሚጠራቀምበት መሳቢያ ካለው ግን እንፋሎቱን እዚያው ውሃ የሚያደርግ ኮንደንሰር ወይም ሂት ፓምፕ ነው። ለእሱ ግድግዳ አትብሱ። የስቶሩን በር ገርበብ አድርጋችሁ ብትጠቀሙ ይበቃዋል። የሚያጥብም የሚያደርቅም የሚባለው ባለ ሁለት ሥራ ማሽንም ብዙ ጊዜ ቱቦ አይፈልግም።

ገና ካልገዛችሁና ቦታችሁ መሀል ቤት ብቻ ከሆነ፣ የእኔ ምክር ሂት ፓምፕ ነው። ዋጋው ይከብዳል። ግን መብራት የሚበላው በጣም ያነሰ ነው፣ ግንበኛም አያስጠራችሁም።

ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ማሽን ከሆነ ደግሞ ቆም በሉ። እዚያ ያለው የኤሌክትሪክ ማድረቂያ የተሠራው ለ240 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ነው። ማሞቂያው በ240 ይሠራል፣ ሞተሩ ግን በ120 ነው። የእኛ መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ሶኬቱን ቀይሮ ብቻ መሰካት ሞተሩን ማቃጠል ነው። ትራንስፎርመር ቢደረግለት እንኳ በ50 ኸርዝ ሞተሩ ከፍጥነቱ አንድ ስድስተኛውን ያጣል፣ ፋኑም አብሮ ይደክማል። ረጅም ቱቦ ለዚህ ማሽን አይሆንም። በጋዝ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ የጋዙ ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት። ሙያው ያለው ሰው ካልገጠመው መሀል ቤት ውስጥ ጨርሶ አይነሳ።

ቦታውን እንደገና አስቡት

ግቢ ያለው ቤት ከሆነ ሰርቪስ ቤቱን ተመልከቱ። አንድ ግድግዳው ወደ ውጭ የሆነ ክፍል ካለ ሥራው የግማሽ ቀን ነው። ቀዳዳ፣ አጭር ቱቦ፣ ክዳን፣ አለቀ። ዝናብ እንዳይመታው ጣሪያውንና በሩን ማየት ብቻ ነው የሚቀረው። በእኔ ግምት ስቶር ውስጥ ካልሆነ ብሎ ድርቅ ከማለት ማጠቢያውንም ማድረቂያውንም ወደዚያ ማዛወር ይሻላል።

ኮንዶሚኒየም ከሆነ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ የውጭ ግድግዳ የጋራ ስለሆነ ሳትበሱ በፊት ከብሎኩ ኮሚቴ ጋር ተነጋገሩ። ሁለተኛ፣ የፍሳሽ ቧንቧዎቹ በሚወርዱበት ክፍተት ውስጥ አየሩን አትልቀቁ። እርጥበቱና ብናኙ የሚሄደው ላይ ቤት ያለው ጎረቤት ሻወር ውስጥ ነው። ከሻወር ፋን ወይም ከኩሽና ጭስ ማውጫ ቱቦ ጋርም አይቀላቀልም። የራሱ መንገድ ያስፈልገዋል።

መንገዱን በሜትር ለኩ

ከማሽኑ ጀርባ ተነስታችሁ እስከ ውጭ ግድግዳው ያለውን ለኩ። ቀጥታውን ሜትር ብቻ አትቁጠሩ። በአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ግንባታ ኮድ የማድረቂያ ቱቦ ርዝመት ቢበዛ 10.7 ሜትር ገደማ ነው። ለእያንዳንዱ ባለ 90 ዲግሪ ክርን፣ ማለትም የቱቦ መታጠፊያ፣ 1.5 ሜትር፣ ለ45 ዲግሪው ደግሞ ግማሹ ይቀነሳል። ለምሳሌ ስቶሩ ውስጥ 2 ሜትር ወደ ላይ ወጥቶ፣ በኮሪደሩ አናት 4 ሜትር የሚሄድ፣ ሁለት ክርን ያለው መንገድ 6 ሜትር ይመስላል እንጂ 9 ሜትር ነው።

የአውሮፓና የእስያ ትናንሽ ማሽኖች ግን ከዚህ በጣም ያነሰ ነው የሚፈቅዱት፣ አንዳንዱ ጥቂት ሜትር ብቻ። የመጨረሻው ዳኛ የማሽኑ ማኑዋል ነው። ማኑዋሉ ከፈቀደውም ቀነስ አድርጉ እላለሁ። ምክንያቱ ከፍታችን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋለች፤ በእንጦጦና በሱሉልታ በኩል ደግሞ ከዚያም ይጨምራል። እዚህ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከአንድ አምስተኛ እስከ ሩብ ይሳሳል። ፋኑ ያንኑ ያህል ቢሽከረከርም ሙቀትና እርጥበት ተሸክሞ የሚሄደው አየር ያነሰ ነው። ማሞቂያው ቶሎ ይግላል፣ መቆጣጠሪያው ቶሎ ቶሎ ያጠፋዋል፣ ልብሱም ይዘገያል። በዚህ ላይ ረጅም ቱቦ ከተጨመረበት ማሽኑ ሲንከራተት ይውላል።

ልኬቱ ከገደቡ ካለፈ ማሽኑን ወደ ውጭ ግድግዳው አስጠጉት። መሀል ላይ ተራ የሻወር ፋን ማስገባት መፍትሔ አይደለም። ብናኙ ሞተሩ ላይ ይጠመጠምና እዚያው ይግላል።

አንድ አቋራጭ አለ፣ እሱን ከአሁኑ እርሱት። ቱቦውን ኮርኒስ ውስጥ አስገብቶ እዚያው መተው። ከታች ሲታይ ያማረ ሥራ ነው። ከላይ ግን የባሕር ዛፍ ጣውላ አለ፣ የመብራት ሽቦ አለ፣ ቀዝቃዛ ቆርቆሮ አለ። እንፋሎቱ ቆርቆሮው ላይ ውሃ ሆኖ ተመልሶ ይንጠባጠባል፣ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ብናኙ በሽቦው ላይ ይከመራል። ቱቦው በኮርኒስ ውስጥ ማለፍ ይችላል። መጨረሻው ግን ውጭ መሆን አለበት።

ዕቃው

ቱቦው 10 ሴንቲ ሜትር፣ ውስጡ ለስላሳ፣ ጠንካራ የጋልቫናይዝድ ላሜራ ወይም አልሙኒየም ይሁን። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ስፋት፤ የትም ቦታ አይጥበብ። ዝግጁ ካላገኛችሁ መርካቶ ምናለሽ ተራ ወይም ሰፈራችሁ ያለ ላሜራ ሠሪ ጠቅልሎ ይሠራላችኋል። ስታሠሩ የእያንዳንዱ ቁራጭ አንዱ አፍ ጠበብ ብሎ ሌላው ውስጥ እንዲገባ ንገሩት።

ቧንቧ ሠራተኛ ከጠራችሁ የሚላችሁ ይታወቃል። «ጋሼ፣ ፒቪሲ ይሻላል። ዝገት አያውቀው፣ ዕድሜ ልክ ነው።» ስለ ዝገቱ ልክ ነው። ለፍሳሽም ልክ ነው። ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። ፒቪሲ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ውስጡ በሰበቃ የሚፈጠረው ስታቲክ ኤሌክትሪክ ብናኙን ይስባል፣ እሳት ከተነሳም መርዛማ ጭስ ያወጣል። ነጭ የሚተጣጠፍ ፕላስቲክ ቱቦም እንደዚሁ፣ አንዳንዴ ከማሽኑ ጋር በካርቶን ቢመጣ እንኳ።

ሌላው የሚያስፈልገው፦ ማሽኑንና ቋሚውን ቱቦ የሚያገናኝ አጭር ተጣጣፊ የአልሙኒየም ቱቦ፣ ክላምፕ፣ ብርማው የአልሙኒየም ቴፕ፣ ሲልከን፣ ለውጭ ደግሞ ክዳን ያለው አፍ። ናስትሮና ስኮች ሙቀት አይችሉም፤ በጥቂት ወር ውስጥ ይላቀቃሉ።

ስለ ክዳኑ ከላሜራ ሠሪው ጋር መጨቃጨቅ አይቀርም። አይጥ እንዳይገባ ብሎ ወንፊት ሊበይድበት ይፈልጋል። አይሆንም በሉት። ወንፊት ብናኙን ይይዝና ይደፈናል። የሚፈለገው በራሱ ክብደት የሚዘጋ፣ አየሩ ሲመጣ የሚከፈት ስስ ክዳን ነው። በጣት ገፋ ስታደርጉት ያለ ምንም ትግል ከፍ ብሎ፣ ስትለቁት ቀጭ ብሎ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ አይጥም ብርድም ይገባል።

ግድግዳውን መብሳት

መውጫው ከመሬት ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ከማንኛውም መስኮትና በር ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ። ከጋዝ ሲሊንደር አጠገብ አይሁን። ዳር ዳር ባሉ ሰፈሮች አጥርና ቤት ተጠጋግቶ ስለሚሠራ ጎረቤትንም አስቡ። ሞቃት እርጥብ አየር መኝታ ቤቱ መስኮት ላይ የሚነፋበት ሰው ዝም አይላችሁም፣ እውነቱንም ነው። ዝናብና ነፋስ በቀጥታ የሚመታውን ጎንም ሽሹ።

ኮለንና ቢም አይነካም። የሚበሳው ብሎኬቱ ብቻ ነው። ከማብሪያ ማጥፊያና ከሶኬት ቀጥታ በላይና በታች ሽቦ አለ ብላችሁ ተነሱ፤ ከቧንቧ በላይና በታችም ውሃ። ስትበሱ ብሬከሩን አጥፉ። ድሪሉን ከሌላ መስመር ስቡት።

ለ10 ሴንቲ ቱቦ 11 ወይም 12 ሴንቲ ቀዳዳ ይበቃል። ኮር ያለው ድሪል መከራየት ከቻላችሁ ንጹሕ ክብ ይወጣል። ካልሆነ ዙሪያውን በቀጭን ድሪል ጠቅጥቃችሁ በመሮ ቀስ ብላችሁ አውጡት። በትልቅ መዶሻ የተመታ ብሎኬት ውጭ በኩል ገበታ የሚያህል ልስን ይዞ ይወርዳል። ቀዳዳው ወደ ውጭ ትንሽ ያዘንብል፣ በሜትር 1 ሴንቲ ያህል። ቱቦው ውስጥ የሚጠራቀም ውሃ ወደ ማሽኑ ሳይሆን ወደ ደጅ እንዲወርድ ነው።

ብሎኬት ውስጡ ባዶ መሆኑን አትርሱ። ቱቦው ከውስጥ ልስን እስከ ውጭ ልስን ሳይቆረጥ ማለፍ አለበት። መሀል ላይ ካበቃ እንፋሎቱ በብሎኬቱ ሆድ ተሠራጭቶ ከወዲያኛው ክፍል በኩል ግድግዳው ያላባል። ዙሪያውን በሲሚንቶ ድፈኑ፣ የውጩን ጠርዝ በሲልከን ዝጉ።

መገጣጠም

ከማሽኑ ጀምራችሁ ወደ ውጭ ሂዱ። የጠበበው አፍ ሁልጊዜ አየሩ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይዙር። ተገልብጦ ከተገጠመ በየመጋጠሚያው ብናኝ የሚያርፍበት ደረጃ ይፈጠራል። ቪቴ አትምቱበት። ጫፉ ወደ ውስጥ ይገባና ብናኙን ይሰበስባል። የአልሙኒየም ቴፕ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ በደንብ አጣብቁ፣ ክብደቱን ደግሞ ከኮርኒሱ ወይም ከግድግዳው ጋር በብረት ማሰሪያ ይዙት።

በኮርኒስ ውስጥ ወይም በቀዝቃዛ ቦታ የሚያልፈውን ክፍል ሙቀት በሚይዝ ፋይበር ጠቅልሉት። የክረምት ሌሊት ብርድ ላይ ያልተጠቀለለ ላሜራ ቱቦ ውስጡ ውሃ ያዝላል፤ እርጥብ ብናኝ ደግሞ ሲደርቅ እንደ ልስን ነው የሚጣበቀው።

ተጣጣፊው ቱቦ ከማሽኑ ጀርባ ብቻ ይቅር፤ ግድግዳ ወይም ኮርኒስ ውስጥ አይገባም። በተቻለ መጠን አሳጥሩት፣ ዘርጉት፣ የተረፈውን ቆርጣችሁ ጣሉ። ማሽኑን ወደ ቦታው ስትገፉ ከጎን ሰው ቆሞ ይይ። አብዛኛው ጉዳት እዚህ ላይ ነው የሚደርሰው፤ ሁሉ ነገር አምሮ ተሠርቶ በመጨረሻው ግፊያ ቱቦው ይጨፈለቃል፣ ማንም አያየውም።

የሚገባው አየር

አየር የሚያስወጣ ማድረቂያ በሰዓት ከ100 ሜትር ኩብ በላይ አየር ይገፋል። 2 በ2 የሆነ፣ ቁመቱ 2.8 ሜትር የሆነ ስቶር ያለው አየር 11 ሜትር ኩብ ብቻ ነው። በስድስት ሰባት ደቂቃ ውስጥ የክፍሉን አየር በሙሉ ያወጣዋል ማለት ነው። በሩ ከተዘጋ ከየት ያምጣ? ፋኑ ይጮኻል፣ ልብሱ አይደርቅም።

ለእንዲህ ያለ ዝግ ክፍል የሚመከረው ክፍተት 645 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። «ከበሩ ሥር ክፍተት አለ» አትበሉ። 80 ሴንቲ ስፋት ያለው በር ሥር 1 ሴንቲ ቢቀር 80 ካሬ ሴንቲ ነው፤ ስምንተኛው እንኳ አልሞላም። ቀላሉ ዘዴ ከስቶሩና ከኮሪደሩ መሀል ካለው ክፍፍል ግድግዳ አንድ ብሎኬት ማውጣት ነው። የአንድ ብሎኬት ፊት 40 በ20 ነው፤ 800 ካሬ ሴንቲ። ፍርግርግ ሲገባበት ከዚያ ላይ ስለሚቀነስ ዘንጉ ቀጭን፣ ክፍተቱ ሰፊ የሆነውን ምረጡ። ከበሩ አናት ካለው ሊንቴል ግን ራቁ። የላሜራ በር ከሆነ ብየዳ ቤት ወስዶ ታችኛውን ክፍል ፍርግርግ ማስደረግ ይቻላል።

ኮሪደሩም አየር ይፈልጋል። ማሽኑ ሲሠራ አንድ መስኮት ከፈት ይደረግ። የክረምቱ አየር እርጥብ ነው ብላችሁ አትፍሩ፤ ማሽኑ ሲያሞቀው ውሃ የመያዝ አቅሙ ይጨምራል። የሚከፈተው መስኮት ግን ጄኔሬተር በሚነሳበት በኩል አይሁን። ከሰል ላይም ጥንቃቄ። ቡና እየተፈላ ማድረቂያው ከተነሳ የሳሎኑን አየር ወደ ስቶሩና ወደ ኮሪደሩ ይስበዋል፣ የከሰሉም ጋዝ አብሮ ይሄዳል። ከሰሉን ደጅ አድርጉት፣ ወይም አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይጀመር።

መብራቱ

2,500 ዋት ማሽን በ220 ቮልት ከ11 አምፔር በላይ ይስባል። የራሱ መስመር፣ 2.5 ካሬ ሚሊ ሽቦ፣ 16 አምፔር ብሬከርና የሚሠራ ኧርዝ ያስፈልገዋል። በኤክስቴንሽን አይሆንም። ከእንጀራ ምጣድ ጋርም በአንድ ጊዜ አታብሩት። ምጣዱ ብቻውን 3,500 ዋት ገደማ ስለሚበላ ሁለቱ ሲደመሩ 27 አምፔር ይደርሳሉ። ስታብላይዘር የምትገዙ ከሆነ ለቴሌቪዥን የተሠራው አይችለውም።

ሙከራው

ማሽኑን ባዶውን በሙቀት አስነሱት። አንድ ሰው ውጭ ይውጣና ክዳኑን ይመልከት። መከፈት ብቻ አይደለም፣ ተከፍቶ መቆየት አለበት። ሶፍት አፉ ላይ ሲያዝ ወደ ውጭ ይርገብገብ።

ከዚያ እጣን አጭሱ። ጭሱን በየመጋጠሚያው አጠገብ ቀስ ብላችሁ አሳልፉ። ቀጥ ብሎ ከወጣ ቴፑ ይዟል። ድንገት ወደ ጎን ከተገፋ እዚያ ጋ ይተነፍሳል፤ አጥፍታችሁ ድገሙት። በመጨረሻ ጭሱን ኮሪደሩ ላይ ከፍርግርጉ ፊት ያዙት። ወደ ስቶሩ ዘንበል ብሎ መግባት አለበት። አሁን የስቶሩን በር ክፈቱና ፋኑን አዳምጡ። በሩ ሲከፈት ድምፁ የሚቀየር ወይም የውጩ ክዳን ይበልጥ ከፍ የሚል ከሆነ ክፍተቱ አልበቃም፣ አስፉት።

ከዚያ በኋላ

የማሽኑን ማጣሪያ በየዙሩ ጥረጉ፣ ዛሬ ትንሽ ነው ሳትሉ። ቱቦውን በዓመት አንዴ፣ ግንቦት ላይ ክረምቱ ሳይገባ ፈታችሁ በረጅም ብሩሽ አጽዱ። ያው ልብስ ከወትሮው ሁለት እጥፍ ጊዜ መውሰድ ከጀመረ፣ ወይም ማሽኑ ከላይ ሲነካ የሚያቃጥል ከሆነ፣ ግንቦትን አትጠብቁ።

ጋቢና ነጠላ አታስገቡ። የእጅ ፈትል ብናኙ ለጉድ ነው፣ ጨርቁም ተሰብስቦ ያጥራል። እነሱን ፀሐይ ሲወጣ ብትጠብቁላቸው ይሻላል። ስፖንጅ ያለው ትራስ፣ ዘይት ወይም ቅቤ የነካው የኩሽና ጨርቅ፣ ቤንዚን የነካ ልብስም አይገባም። ዘይት የነካ ጨርቅ ታጥቦም ቢሆን ሲሞቅ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል።

መብራት በመሀል ከሄደ ደግሞ «ሲመጣ ይቀጥላል» ብላችሁ በሩን ዘግታችሁ አትተዉት። ማድረቂያ መጨረሻ ላይ ያለ ሙቀት አየር እየነፋ ልብሱን ያቀዘቅዛል፤ መብራቱ ከሄደ ይህ አይደረግም፣ ሙቀቱ ክምሩ ውስጥ ታፍኖ ይቀራል። ወዲያው ክፈቱ፣ ልብሱን በሙሉ አውጥታችሁ በትኑት፣ የማሽኑንም ሶኬት ንቀሉ። መብራቱ ሲመለስ ቮልቴጁ እስኪረጋጋ ጥቂት ቆዩና እንደገና አስነሱት።